የአርባ ሜትሩ ንፋስ

አምባሰል ተረተር ላይ የቆመው የንፋስ መለኪያ ምሰሶ ለታጣቂዎቹ የጠላት ሬዲዮ መሰላቸው። ዘበኛው ሀምዱ የፊጥኝ ታስሮ ተንበርክኳል፤ ከጎኑ ኢንጂነር ዝናው በሰደፍ ይደቃል።

«ይህን የምስጢር ቁጥር ማን ጻፈው?» አለ አዛዡ፣ ደብተሩን እያርገበገበ።

ሽፋኑ ላይ ያለው የዝናው ስም ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጧትና ማታ መለኪያውን ያነበበው ሀምዱ ቢሆንም፣ «ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ስም ሪፖርት ላይ አይወጣም» ተብሎ ስሙ ቀርቷል።

ዝናው ጥርሱ ሲረግፍ ጮኸ፦ «እሱ ነው! ዘበኛው ነው የጻፈው!»

ሀምዱ ቢክድ ይተርፍ ነበር። ግን ሥራው የእሱ መሆኑ ሲነገር አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

«ወላሂ እኔ ነኝ! ንፋሱ አሥር ሜትር ከፍታ ላይ በሰከንድ አራት ሜትር ሲነፍስ አርባው ላይ ስድስት ነው። የመብራት ተርባይኑ እዚያ ቢሰቀል ኃይሉ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይኼ የተማረ ደንቆሮ ግን የታቹን ብቻ ይዞ ገመተ!»

«ለካ አለቃው አንተ ነህ!» አዛዡ ግንባሩን በሰደፍ ፈነከተው። ዝናውን ለቀው ሀምዱን ወደ ገደሉ አፋፍ ጎተቱት።

ሀምዱ አፉ ውስጥ የወረደውን ደም እየተፋ ዞረ። «አንተ ዝናው! ሦስት እጥፍ ብለህ ጻፍ! ስሜንም ከነአባቴ ጻፈው!»

ጠመንጃው ሲቀባበል፣ ዝናው ዞር እንኳ ሳይል ወደ ሐይቅ ከተማ ቁልቁል ይሮጥ ነበር።