ዘነዘናውና አካፋው

«ባሏን በዘነዘና የገደለች» የሚሉኝ ሰዎች ሞጣ ውስጥ ዛሬም አሉ። መታሁት፤ ሁለት ጊዜ። ክንዱንም ሰብሬዋለሁ። ይህን አልክድም።

ባሌ ፋንታ በያጅ ነበር። ብቸና በተከራየናት ግቢ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። የራሳችን ቆጣሪ ስላልነበረን መብራት የምንወስደው ከጎረቤት ነው፤ ሽቦው በአጥሩ ላይ ዞሮ ይመጣል። አንድ ቀን የተላጠውን ሽቦ በፌስታል ሲጠቀልል አይቼ ተቆጣሁት። ሳቀብኝ።

«ይርጋነሽ፣ ኮረንቲ የያዘኝ ቀን እንዳታቅፊኝ» አለኝ። «ሌላ ቀን እቀፊኝ። የዚያን ቀን ግን በደረቅ እንጨት፣ እልኸኛ በሬ እንደምትመቺ አድርገሽ ምቺኝ። በእጅሽ ከነካሽኝ ሁለታችንንም ነው የሚወስደን።»

ያ ቀን ሐምሌ ውስጥ መጣ። ጠዋት የጣለው ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶታል። ታላቅ ወንድሙ ኃይለ ጊዮርጊስ ሊጠይቀን ከሞጣ መጥቶ ደጅ ተቀምጧል። ኃይለ ጊዮርጊስ በአገሩ የእድር ዳኛ ነው፤ የሰው ንግግር አቋርጦ የራሱን የሚጨርስ፣ ያዘዘው ሁሉ የሚፈጸምለት ሰው።

እኔ ጓዳ ነበርኩ። የብየዳው ድምፅ ድንገት ተቀየረብኝና ወጣሁ። ፋንታ የሚበይደውን በር ጨብጦ ይንቀጠቀጣል። እጁ አይለቅም። ወንድሙ ሊይዘው ተንደረደረ።

«አይንኩት!» ብዬ ጮህኩ። ደንግጦ ቆመ።

ማጥፊያው ጎረቤት ቤት ውስጥ ነው፤ ጎረቤቶቹ ገበያ ሄደው በራቸው ተቆልፏል። በርበሬ የምወቅጥበትን ዘነዘና ከጓዳ አመጣሁ። ደረቅ ሳንቃ አጠገቡ ጥዬ እላዩ ላይ ቆምኩና ክንዱን መታሁት። አልለቀቀም። ደገምኩት። በሁለተኛው አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ፤ እጁ ከብረቱ ተላቀቀና ወደቀ።

ይተነፍስ ነበር። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዓይኑ ተገልጧል።

«አካፋ!» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ። «ኮረንቲ በአፈር ነው የሚወጣ። እስከ አንገቱ ቅበሩት፣ መሬት ይሳብለት!»

ጩኸት ሰምተው የመጡት ጎረምሶች አጥር ሥር ቆፈሩ። ፋንታን አቁመው ከተቱት፣ አፈሩን መለሱበት፣ እንዳይናድም ዙሪያውን በእግራቸው ረገጡት። ዝም አልኩ። ዝም ብል ይሻል ነበር እንጂ፣ ተንበርክኬ እኔም በእጄ አፈር አልብሼዋለሁ። ሽማግሌ ያዘዘው፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው መድኃኒት ነው። ከመሬት በላይ የቀረው ጭንቅላቱ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ያየኝ ነበር። በኋላ ማየቱን ተወ።

ሲያወጡት አልቋል።

አስከሬኑን ሞጣ ወሰድነው። የገነዙት ሰዎች የተሰበረውን ክንድ አዩና ተንሾካሾኩ። ልቅሶው ላይ እህቱ አምሳለች መሐል ገብታ ደረቷን እየደቃች አወጣችው፦

እሳቱስ ምሮህ ነበር፣ ብረቱም ለቀቀ፤
ክንድህ በዘነዘና በቤትህ ደቀቀ።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ተቀበላት። ኃይለ ጊዮርጊስ ከፊት ቆሟል። አካፋውን ያዘዘው እሱ፣ ሁሉንም በዓይኑ ያየው እሱ፣ አፉን አልከፈተም። ክስ ቢሆን ዳኛ ፊት ቀርቤ እከራከር ነበር። ግጥም የት ይከሰሳል? ሳምንት ሳይሞላው ጠላ ቤቱ ሁሉ በቃሉ ይዞት ነበር።

ብቸና ስመለስ ጤና ጣቢያ ስርጉት የምትባል ነርስ ዘንድ ሄድኩ። ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፣ ለማንም የማትመለስ ልጅ ናት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ዘነዘናው ላይ ስደርስ «ጎሽ፤ ማጥፋት ካልተቻለ እንደዚያ ነው» አለች። አፈሩ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ከወደቀ በኋላ ይተነፍስ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ደረቱ ላይ አፈር ጭናችሁበት፣ ረግጣችሁበት፣ በምን ይተንፍስ? ኮረንቲው እኮ ብረቱን ሲለቅ አብሮ ለቆታል። በአፈር የሚወጣ ነገር የለም። ወዲያው ወደ እኛ ነበር የምታመጡት።»

«ባይተነፍስስ ኖሮ?» አልኳት። ፍራሽ ጠቅልላ ወለል ላይ አጋደመችና ሁለት እጄን አደራርባ ደረቱ መሐል የሚሆነው ላይ አስቀመጠችው። «ክርንሽን አታጥፊ። ጠንክረሽ፣ ቶሎ ቶሎ ተጫኚ። አታባብይው!» እያለች እስኪያልበኝ አስጫነችኝ። ከዚያ ወዲያ ቤቴ ስገባ በየቀኑ ፍራሽ እጫን ነበር። ማንን ላድንበት እንደነበር አላውቅም።

ተዝካሩ ከፍልሰታ ጾም በኋላ ዋለ። ወደ ሞጣ ስሄድ አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ ኃይለ ጊዮርጊስ በሰው ፊት «ፋንታ ሲወድቅ ይተነፍስ ነበር» እንዲል። ይህን ካለ ስሜ ይመለስልኛል።

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። የእድሩ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተክሏል፤ ቋሚው ሁሉ ብረት ነው። ለአምፖሎቹ ብለው ከቤቱ ሶኬት ሽቦ ስበው ከመካከለኛው ቋሚ ጋር በቀጭን ሽቦ ጠፍረው አስረውታል። መብራት ከማለዳ ጀምሮ ጠፍቶ ስለዋለ ሰው ሁሉ ብረቱን እየደገፈ ይገባል፣ ይወጣል። እኔም ሳልፍ ያዝኩት። ልብ ያለው አልነበረም።

ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ቤት ውስጥ ማዕድ ላይ ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየችኝ አምሳለች ናት።

«ባለ ዘነዘናዋ መጣች! ምነው ዛሬ ባዶ እጅሽን?»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች።

«ጋሼን አንድ ነገር ልጠይቅ ነው የመጣሁ» አልኩ።

ኃይለ ጊዮርጊስ ከመቀመጫው ተነሳና መካከለኛውን ቋሚ ተደግፎ ቆመ። «አንቺ ከእኔ ጋር ምን ነገር አለሽ?»

«አንዲት ነገር ናት። ፋንታ ሲወድቅ ይተነፍስ ነበር፣ አይተነፍስም ነበር? አጠገቤ ነበሩ እኮ፣ ጋሼ። ለዚህ ሕዝብ ይንገሩት።»

የኃይለ ጊዮርጊስ ፊት ጠቆረ።

«ውጪ! በወንድሜ ተዝካር ቀን፣ በአባቴ ግቢ ቆመሽ እኔን...»

አምፖሎቹ ቦግ አሉ። ከወጥ ቤቱ ዳስ «መብራት መጣ!» የሚል እልልታ ተሰማ።

ኃይለ ጊዮርጊስ ንግግሩን አልጨረሰም። መንጋጋው ገጠመ፣ ቋሚውን የያዘው እጁ ተቆላለፈ፣ ከእግር እስከ ራሱ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ሰው ንዴት መሰለው። «ተው ጋሼ፣ በእሷ ደምህን አታፍላ!» ብሎ አንድ ሰው ትከሻውን ሊይዘው ሄደና ተወርውሮ በጀርባው ወደቀ።

ለአንድ አፍታ ቆሜ አየሁት። ያችን አፍታ ከእኔና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቃት የለም።

«አትንኩት!» አልኩ። «ከብረቱ ራቁ! ሶኬቱን ንቀሉ!»

«አትንኩት ትላለች!» አምሳለች ነጠላዋን ጥላ ተነሳች። «ፋንታንም እንዲህ ብላ ነው! አሁን ደግሞ ይሄን ልትጨርስ!» ወንድሟን ልታቅፍ ስትሮጥ ቀሚሷን ይዤ ጎተትኳትና ጭቃው ላይ ጣልኳት። በሕይወቴ ሰው ጥዬ አላውቅም። ያኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም።

ወደ ሶኬቱ የሚወስደው በር በሰው ታፍኗል። ሮጬ ወጥ ቤቱ ዳስ ገባሁ፤ ሙቀጫው ውስጥ ዘነዘና ቆሟል፣ ደረቅ ነው። ይዤው ስመለስ ሴቶቹ ጮኹ። ለማንም አልመለስኩም። የእንጨት አግዳሚ ወንበር ገፍቼ አስጠጋሁና እላዩ ወጣሁ። አርባ ቀን ሙሉ በሰደበኝ ሕዝብ ፊት፣ ዘነዘናውን አንስቼ የኃይለ ጊዮርጊስን ክንድ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት።

አንድ ጊዜ በቃው። ወደቀ።

በመስኮት አንድ ቄስ «ነቅያለሁ! ነቅያለሁ!» ሲሉ ሰማሁ። አምፖሎቹ ጠፉ። ከዚያ በኋላ ነው የቀረብኩት። ጆሮዬን አፉ ላይ አደረግሁ። አይተነፍስም።

«አካፋ አምጡ!» አለች አምሳለች ከጭቃው እየተነሳች። «አፈር አልብሱት፣ መሬት ይሳብለት!»

አንዱ ከድንኳኑ ጥግ መቆፈር ጀምሯል። ተነሥቼ አካፋውን ከእጁ ነጠቅሁና በአጥሩ ላይ ወረወርኩት።

«ከዚህ ቤት ሁለተኛ ሰው በቁሙ አትቀብሩም!»

ተመልሼ ተንበረከክሁና ደረቱን መጫን ጀመርኩ። ክርኔን አላጠፍሁም። አላባበልኩትም። «እዩዋት፣ ደግሞ ደረቱን ትደቁሰዋለች!» ሲል ሰማሁ አንዱ፤ «ዝም በል፣ የምታውቀው ነገር አላት» አለው ሌላው። ስንት ጊዜ እንደተጫንኩ አልቆጠርኩም። ክንዴ ሲዝል፣ ከጉሮሮው እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ወጣ። አንድ ጊዜ ትንፋሽ ሳበ፤ ቆየና ደገመው።

«ባጃጅ!» አልኩ። «ሆስፒታል! አሁን!»

በሦስተኛው ቀን ልጠይቀው ሆስፒታል ገባሁ። ክንዱ በጀሶ ታስሯል፤ መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል። አምሳለች ራስጌው ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ ወንበር አልለቀቀችልኝም፤ እኔም አልጠበቅሁባት።

«ክንዴን ሰበርሽው» አለኝ።

«የፋንታ የተሰበረበት ቦታ ላይ ነው፣ ጋሼ።»

ክንዱን ቁልቁል አየው። ሐኪሞቹ ምን እንዳሉት አላውቅም፤ አፈር ለዚህ መድኃኒት አለመሆኑን ግን ሳይነግሩት አልቀሩም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እህቱን ሳያይ፣ ጠየቀኝ።

«ይተነፍስ ነበር?»

አርባ ቀን ሙሉ ይህን ቃል በሰው ፊት ላስተፋው ስመኝ ነበር። አሁን ራሱ ጠየቀኝ፤ የሚሰማውም አምሳለች ብቻ ናት። «አላውቅም» ብዬ ብመልስለት ያርፍ ነበር።

«ይተነፍስ ነበር» አልኩት። «ሲቀብሩት ይተነፍስ ነበር።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አንቺም አፈር አልብሰሻል» አለ ከዚያው ሆኖ። «በእጅሽ። አይቼሻለሁ።»

«አልብሻለሁ።»

ከዚያ ግድግዳውን እንዳየ «አምሳለች፣ ያንን ግጥም ሁለተኛ እንዳልሰማሽ» አላት።

«አይከልክሏት» አልኩ ነጠላዬን እያጣፋሁ። «ግጥሙ ይቆይ። ሁለት ስንኝ ብቻ ትጨምርበት፤ አንዱን ለአካፋዎ፣ አንዱን ለእጄ።»

አምሳለች ቀና ብላ አየችኝ። በሩን ሳልዘጋው ወጣሁና የብቸናን መኪና ለመያዝ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ።