የተጨመሩት ሁለት ዓመታት

የሺሀረግ በዚያ ክረምት ለሁለት ሰው ምግብ መሥራት ትለማመድ ነበር። ዕድሜ ልኳን ያበሰለች ሴት አንድ ጭልፋ ሽሮ መቀነስ እንዴት ያቅታታል? አቃታት። ሽሮውን ስትቀንስ ወጡ ይቀጥንባታል፣ ውሃውን ስትቀንስ ድስቱ ያርርባታል፤ ዞሮ ዞሮ የሦስት ሰው ወጥ ሆኖ ይወጣል። ልጇ ዳዲ የተረፈውን ጠራርጎ ይበላና «እማዬ፣ እኔ ስሄድ ይሄን ማን ይጨርስልሻል?» ይላታል። አብራው ትስቃለች። ከዚያ ዕቃ የምታነሳ መስላ ጓዳ ትገባና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች።

ከዳዲ በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። አንድ የቀራት እሱ ነው። በ1979 ዓ.ም. ማትሪክ ተፈትኖ ውጤቱንና ምደባውን ይጠብቅ ነበር። የሚጠብቁት ግን ከወላጆቹ ጋር ሦስት ነበሩ። ልጁ እንደሚያልፍ መምህሮቹ አስቀድመው ስለነገሯት የሺሀረግ በዚህ በኩል ሐሳብ አልገባትም። እንቅልፍ የነሳት የሚመደብበት ቦታ ነው። አንዱ ዓለማያ ይላል፣ ሌላው ጅማ፣ ሌላው አዋሳ። ልደታ ማርያም ሄዳ ስትሳልም ነገሩን አላድበሰበሰችም፤ ልጄ ይለፍልኝ፣ ግን ከአራት ኪሎ እንዳታሳልፊብኝ፣ ይህን ካደረግሽልኝ ድባብ አገባለሁ አለች። እመቤታችንን እንደ ጎረቤት ነበር የምታነጋግራት።

ተሳለች ብላ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ከተክለ ሃይማኖት ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳጥን ከነቁልፉ ገዛች። ከምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ባገኘችው አቡጀዲ ሁለት አንሶላ ሰፍታ ጥግ ጥጉ ላይ ስሙን በቀይ ክር ጠለፈች። ብርድ ልብስ ጨመረች። ዳቦ ቆሎውን ቆልታ በጣሳ ሞልታ ከደነች፤ ከሳምንት በኋላ ዳዲ ጨርሶት ስለተገኘ እንደገና ቆላች። ሳጥኑን በቀን ሦስት ጊዜ ትከፍተዋለች፣ ሦስት ጊዜ ትዘጋዋለች።

ባሏ ሚደቅሳ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። በሰው ብዙም አያምንም፤ በወረቀት ግን ያምናል። ቤት ውስጥ የውሃ ደረሰኝ እንኳ በዓመተ ምሕረት ተለይቶ ተሰፍቶ ይቀመጣል። የእጅ ጽሑፉ ቆንጆ ስለሆነ የሰፈሩ ሰው ማመልከቻ የሚያስጽፈው እሱን ነው፤ እሱም ማመልከቻ በጻፈ ቁጥር ወረቀት ከወረቀት ጋር መጣላት የለበትም እያለ ባለጉዳዩን ይመክራል። የሺሀረግ ይህን ምክር ከመስማቷ ብዛት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራው ትለው ነበር።

ለዚህ ቤት መከራ ያመጣበት ታዲያ ይኸው ምክር ነው። ነገሩን ለመረዳት አሥራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በ1968 ዳዲ አምስት ዓመቱ ነበር። የሺሀረግ ፋብሪካ ስትውል ልጁን የሚይዝላት ሰው አልነበራትም። ትምህርት ቤት ደግሞ ሰባት ዓመት ያልሞላውን አይቀበልም። የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ከስንት አንድ ስለሆነ መዝጋቢው ሕፃኑን ፊቱ ያቆምና ቀኝ እጅህን በራስህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ንካ ይለዋል። ከነካ ደርሷል፣ ካልነካ ለከርሞ ይምጣ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ክንድ እዚያ አይደርስም። የሺሀረግ ግን አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት የልጇን ክንድ ቅቤ እየቀባች ሳበችው። አንገቱን ሰው ሳያይበት ትንሽ ሰበር ማድረግም አስተማረችው። በምዝገባው ቀን ዳዲ ምላሱን አውጥቶ፣ በእግሩ ጣቶች ቆሞ፣ የጆሮውን ጫፍ ነካ። መዝጋቢው ሳቀና «ሰባት» ብሎ ጻፈ። እሷም ልጇን አዝላ እየሳቀች ወደ ቤቷ ሮጠች። ያን ቀን የሰረቀችው ነገር ያለ አልመሰላትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጆሮ መንካት የቤቱ ቀልድ ሆነ። ልጅነትህን አሁንስ አትተወውም ወይ ብላ በተቆጣች ቁጥር ዳዲ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ ጆሮውን ይነካላታል። ቁጣዋ እዚያው ያልቃል።

በዚያው ዓመት ቀበሌ የየቤቱን ሰው ሲመዘግብ ቅጹን የሞላው ሚደቅሳ ራሱ ነው። የልጁ ዕድሜ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አንስቶ ትንሽ አሰበ። የትምህርት ቤቱ ሰባት ይላል። ወረቀት ከወረቀት እንዳይጣላ እሱም በዚያ በሚያምር ጽሑፉ ሰባት ብሎ ሞላ፣ ፈረመበትም።

እንግዲህ በ1980 መስከረም፣ ምደባው ከዛሬ ነገ ይለጠፋል ሲባል፣ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ሌላ ዝርዝር ተለጠፈ። የብሔራዊ ውትድርና ነበር። ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሆነ፣ ተማሪ ያልሆነ፣ ሥራ ያልያዘ በሚቀጥለው ሐሙስ ይቅረብ ይላል። ከላይ ሰባተኛው ስም ዳዲ ሚደቅሳ ነው፤ ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ። ልጁ በእውነቱ አሥራ ሰባት ገና መያዙ ነበር። ተማሪ እንዳይባል አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል፣ ዩኒቨርስቲ እንዳይባል ምደባው አልወጣም። ሁለት በር መሃል ቆሞ ተገኘ።

ባልና ሚስት በማግስቱ ጠዋት ተያይዘው ቀበሌ ሄዱ። ሊቀመንበሩ ኃይለመለኮት ከአብዮቱ በፊት ጌጃ ሰፈር ጫማ ሰፊ ነበር፤ የዳዲን የመጀመሪያ ጫማ የሰፋው እሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ለየሺሀረግ ይቀላት ነበር፤ የምትረግመው ታገኝ ነበር። ሚደቅሳን ሁልጊዜ መንገድ ላይ ጋሼ ይለዋል። ያን ቀን ግን ጓድ ሚደቅሳ አለውና ከመደርደሪያው ፋይል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሚደቅሳ የገዛ ጽሑፉን አየ።

«ዋሽቼ ነው» አለ ሚደቅሳ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

ኃይለመለኮት ፋይሉን ዘጋው። ከዚያ ጓድነቱን ተወው።

«ጋሼ ሚደቅሳ፣ ቁጥሩ ከላይ ነው የሚመጣው። ይሄን ስም ብሰርዝ በሱ ቦታ የሌላ እናት ልጅ ነው የማስገባው። የዩኒቨርስቲ ምደባውን እስከ ሐሙስ ያምጡልኝ፤ በራሴ እጅ እሰርዘዋለሁ።»

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ የሚቆጠረው ቀን ብቻ ሆነ። ሚደቅሳ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ የማስታወቂያ ሰሌዳውን አይቶ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ተመልሶ ያያል፤ ማታም ያያል። ሰሌዳው ላይ የዓምናው የስፖርት ውድድር ማስታወቂያ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ማታ ጎረቤታቸው ቀመሪያ መጣች። የወሎ ሰው ናት፤ ቤታቸው በአንድ ግድግዳ የሚለያይ፣ ሐዘንና ደስታቸው ግን ያልተለየ ሴት ናት። ልጇ ከሊፋ ባለፈው ዙር ተጠርቶ ሳይቀርብ የት እንደገባ ሰፈሩ አያውቅም ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገሩን ገለጠችላቸው፤ ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከሊፋን ጅማ ገጠር የወሰደው እሱ ነው፣ ነገ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ በዚህ በኩል ያልፋል።

«ልጁን በኔ ጣሉት» አለች። «ከከሊፋ ለይቼ አላየውም።»

ሚደቅሳ ራሱን ነቀነቀ። ምደባው መውጣቱ አይቀርም አለ። ሲወጣ ልጁ ሸሽቶ ከተገኘ ስሙ ይሰረዛል፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት ገደል ይገባል፣ ዕድሜ ልኩን ከሰው ተደብቆ ይኖራል። እንደ ደንቡ ይቅረብ፣ ወረቀቱ ሲመጣ በወረቀት እናስወጣዋለን አለ። ቀመሪያ ወደ የሺሀረግ ዞረች። የሺሀረግ ባሏን አልተቃወመችም። እሷም በሐሳቧ አራት ኪሎን፣ ሰማያዊውን ሳጥን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሱን ሊያሳጥብ የሚመጣ ልጅ ታይ ነበርና ይህ ሁሉ ከእጇ እንዲወጣ አልፈለገችም። ዳዲን ጠየቁት። የማይመልሰው ጥያቄ አልነበረም፤ ያን ቀን ግን አባቱንና እናቱን በየተራ አይቶ «እናንተ ያላችሁኝን» አለ።

ሊነጋጋ ሲል መኪናው መጥቶ ቀመሪያ ደጅ ቆመ። የሺሀረግ አልጋዋ ላይ ሆና የሞተሩን ድምፅ ሰማች። ሚደቅሳም ነቅቶ እንደሚሰማ ከአተነፋፈሱ ታውቅ ነበር። ሹፌሩ ጥሩንባ አልነፋም፤ ዝም ብሎ ጠበቀ። ተነሥታ ልጇን ቀስቅሳ ማውጣት ትችል ነበር፤ በሩ ከአልጋዋ አራት እርምጃ አይሆንም። አልተነሣችም። መኪናው ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ሚደቅሳ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከዘበኛው ቀድሞ ደረሰ። ሰሌዳው ባዶ ነበር። ከዚያ ቀጥታ የሺሀረግና ዳዲ ሳጥኑን ይዘው ወደሚጠብቁበት ቀበሌ መጣና ቆርቆሮ ሳጥን ይዞ መሄድ እንደማይፈቀድ ሰማ። የሺሀረግ ብርድ ልብሱንና ዳቦ ቆሎውን ወደ አንዲት ሸራ ቦርሳ አዛወረች፤ አንሶላዎቹ ሳጥኑ ውስጥ ቀሩ። ስምንት ልጆች ነበሩ የሚሄዱት። ዳዲ ከሁሉም በቁመት ያንስ ነበር። እናቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ፣ ኃይለመለኮት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከስም ዝርዝሩ ጋር ይታገላል።

ልጆቹን የጫነው መኪና ሲንቀሳቀስ ዳዲ ከላይ ሆኖ እናቱን በዓይኑ ፈለገ። አገኛት። ከዚያ ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ነካ። ሊያስቃት ነው። የሺሀረግም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላት፣ ሳቀች። ልጇ ያያት የመጨረሻ መልኳ የሚስቅ ነው።

ምደባው ሰኞ ተለጠፈ።

ሚደቅሳ ወደ ቤት ሲገባ ባርኔጣውን እንኳ አላወለቀም። በዚያ ጽሑፉ የገለበጣትን ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖራት። አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ፣ አራት ኪሎ ትላለች። ከልደታ በአውቶቡስ ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት ነው። እመቤታችን የለመነቻትን አልነሳቻትም ነበር፤ ቃል በቃል ሰጠቻት። የሺሀረግ ወረቀቷን ብዙ ጊዜ አነበበች። ቀመሪያ ጩኸቷን በግድግዳው ሰምታ ባዶ እግሯን ሮጣ መጣች።

ሚደቅሳ ወረቀቷን ይዞ ቀበሌ ሄደ። ዝርዝሩ ከቀበሌው እጅ ወጥቷል ተባለ። ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ሄደ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ቢሮ ላኩት፣ ከዚያም ወደ ሌላ። ሁለት ወር ሙሉ እየተመላለሰ ለፋ። የልጁ ዕድሜ አልደረሰም ባለ ቁጥር ፋይል ያስመጣሉ። ትምህርት ቤቱ ያኔውኑ ሰባት ብሏል፣ ቀበሌው ሰባት ብሏል፣ የማትሪክ ካርዱም ከዚያው ቆጥሮ አሥራ ስምንት ብሏል። ወረቀቶቹ ሁሉ ተስማምተዋል፤ አንዱም ከሌላው አልተጣላም። ሚደቅሳ ከዚያ በኋላ ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ተወ። የሚጠይቀው ሲመጣ እጄን ያመኛል ይል ነበር።

በኅዳር ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ መጣ። ዳዲ ብርድ ልብሱ እንደሞቀው፣ ዳቦ ቆሎውን ጓደኞቹ በአንድ ቀን እንደጨረሱበት፣ ወደ ሰሜን ሊሄዱ እንደሆነ ጻፈ። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። የሺሀረግ ለሁለት ሰው መሥራት ሳትማር ቀረች፤ የሦስተኛው ድርሻ ሳይነካ አድሮ ጠዋት ይደፋል።

ዓመቱ ዞሮ ጳጉሜ ገባ። አንድ ጠዋት የሺሀረግ ወደ ፋብሪካዋ ስትሄድ በትምህርት ቤቱ በር አለፈች። የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ከሰልፉ ጫፍ አንዲት ወጣት እናት ተንበርክካ የትንሽ ልጇን ክንድ በራሱ ላይ እያሳለፈች ትስባለች። ልጁ ምላሱን አውጥቷል። ጣቶቹ ከጆሮው በላይ ቀርተዋል።

«ትንሽ ነው የቀረህ፣ የኔ ጌታ፣ አንገትህን ሰበር አድርጋት» ትለዋለች።

የሺሀረግ መንገዷን ትታ ገባች። ሴትዮዋ አጠገብ ደርሳ በርከክ አለችና ያቺን ትንሽ እጅ ከእናትየው እጅ ቀስ ብላ አላቀቀቻት። ክንዱን ወደ ታች መልሳ፣ በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችለት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየቻት።

«ተዪው፣ የኔ እህት» አለቻት የሺሀረግ። «ዘንድሮን ካንቺ ጋር ይዋል።»