ቃል በቃል የተያዘው ቃለ ጉባኤ

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ የሰኞ ስብሰባ ለአራሚው የሳምንቱ ቁርጥማት ነበር። ሥራ አስኪያጁ አንዲት የፊደል ግድፈት ባገኘ ቁጥር በሰው ፊት ያዋርደዋል። አንቱታዬን ለሚገባቸው ቆጥቤ ነው እንጂ ሰውየው በዕድሜም በሥልጣንም ትልቅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ፊደል ሲለቅም የኖረው የሁለት ልጆች አባት አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። የቀረውም ሠራተኛ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን እያየ ይሰማል።

ሚስቱ ቻለው፣ ቻለው ስትለው ከርማ ባለፈው እሑድ ፊቱን አየችና፣ በቃ ተወው፣ እንደ ምንም ብለን እንኖራለን አለችው። ሰኞ ጠዋት የመልቀቂያ ደብዳቤውን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ስብሰባው ሲያልቅ ሊሰጥ ነው።

ስብሰባው እንደ ወትሮው ያለፈውን ሰኞ ቃለ ጉባኤ በማንበብ ተጀመረ። ቃለ ጉባኤ የሚይዙት ድምፃቸው ከጉሮሯቸው አልወጣ ብሎ "እትዬ ለሆሳስ" የተባሉት ጸሐፊ ናቸው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። እስከ ዛሬ ስድቡ ሁሉ "ሥራ አስኪያጁ ጠንከር ያለ አስተያየት ሰጥተዋል" የሚል ካባ ለብሶ ነበር መዝገብ የሚገባው። ያለፈው ሰኞ ግን ሥራ አስኪያጁ ስብሰባውን ሲከፍት፣ ሰው የተናገረውን እየካደ አስቸግሮኛልና ከእንግዲህ የሚባለው ሁሉ ቃል በቃል ይጻፍ፣ ቅጂውም ለዋናው መሥሪያ ቤት ይላክ ብሎ አዘዘ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ትእዛዙን ራሱ ረሳው። እትዬ ለሆሳስ ደግሞ ትእዛዝ አይረሱም።

መነጽራቸውን አስተካክለው ማንበብ ጀመሩ። አራተኛው ተራ ቁጥር ላይ ደረሱ።

"ሥራ አስኪያጁ አራሚውን፣ 'ደደብ! ዓይን ለጌጥ ነው የተሰጠህ? አንተን ከማስተማር ግድግዳ ማናገር ይሻላል' ብለውታል። ተሰብሳቢው ዝም ብሏል።"

ክፍሉ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ ያች የማትሰማ ድምፅ ጥግ ድረስ ተሰማች።

"ማነው እንዲህ ብለሽ ጻፊ ያለሽ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"እርስዎ ነዎት። አንደኛው ተራ ቁጥር ላይ ሰፍሯል።"

ይሰረዝ አለ። እትዬ ለሆሳስ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ፣ ያልተባለ ነገር ገብቶ ከሆነ ተሰብሳቢው ይናገርና ይሰረዛል አሉ። ከዚያ በመነጽራቸው አናት ወደ አራሚው ተመለከቱ።

"ስህተት ማግኘት ያንተ ሙያ ነው። ስህተት አለው?"

አራሚው እጁን ደረት ኪሱ ላይ አሳረፈ። አለው ቢል ነገሩ ይሰረዛል፣ እሱም ደብዳቤውን ሰጥቶ በሰላም ይወጣል። ግን እኚህ ሴት ለእሱ ብለው የሁለት ዓመት እንጀራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል። እሱ በአሥራ አንድ ዓመት ያልደፈረውን በአንዲት ገጽ ደፍረውታል። ኮራባቸው፤ በራሱም አፈረ።

"አንድ ግድፈት አለ" አለ።

ሥራ አስኪያጁ እፎይ ብሎ ወንበሩን ተደገፈ።

"ደደብ የተባልኩት ሁለት ጊዜ ነው። ከግድግዳው ቀጥሎ ያለው ተዘሏል።"

ከዚያ የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እኔም ሁለቴ ነው የሰማሁት አለ። ጠራዧም ሁለቴ ነው አለች። ከበር አጠገብ ያለው ሾፌር ሳይቀር እጁን አወጣ። ሥራ አስኪያጁ አንድ በአንድ ሲያያቸው ዓይኑን የሰበረለት አልነበረም። በመጨረሻ በቀስታ፣ ወደ አጀንዳው እንለፍ አለ።

እትዬ ለሆሳስ የተዘለለችውን ቃል አስገቡና በደንቡ መሠረት እርማቱ ጎን እንዲፈርም ገጹን ለአራሚው አቀበሉት። ጠረጴዛው ሻካራ ስለሆነ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ከገጹ ሥር አነጠፈና ገጹ ላይ ፈረመ።

ቀና ሲል እትዬ ለሆሳስ የዛሬውን ቃለ ጉባኤ ጀምረዋል። ዓይኑ ልማድ ሆኖበት የመጀመሪያዋን መስመር ፊደል በፊደል ለቀማት።

"ተሰብሳቢው ዝም አላለም።"

የሚታረም ነገር አላገኘባትም።