ለጸሎት ያህል

"ሰማሽ ወይ? ያቺ ዘማሪዋ አርግዛለች አሉ!" አለች የልብስ ሰፊው ሚስት። ራሷን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ከትታ ጆሮዋ በማሽኑ ጩኸት ስለተደፈነ ድምፅዋ ከቤቱ አልፎ መንገድ ወጣ።

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያው ከእጇ አመለጣት። ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ።

"ማን አለ?"

"አገር ያወራዋል! ባሏ ከሞተ ዓመት ሳይሞላው አመሻሽ ላይ ሰውዬ ይገባል፣ ይወጣል። ይኸው አፍራ ከመዘምራኑም ቀረች።"

ወሬው መንገድ ላይ ወፍሮ ነው እንጂ ፀጉር ሠሪዋ ታውቀዋለች፤ ከገዛ አፏ የወጣ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ ወንበር ላይ ለተቀመጠች አንዲት ወዳጇ "ለጸሎት ያህል ነው የምነግርሽ" ብላ፣ ዘማሪዋ ቤት ወንድ ሲገባ ማየቷን ሹክ ብላት ነበር። እርግዝናውን ማን እንደጨመረበት እግዜር ይወቅ።

"ሰውየው እኮ ነርስ ነው" አሉ ጥግ ላይ ፎጣ የሚያጥፉት የፀጉር ሠሪዋ አማት፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። "የእናቷን የእግር ቁስል ሊያጥብ ነው የሚመጣው። ትናንት ልጠይቃቸው ሄጄ አገኘሁት። ልጅቷም የቀረችው ሰላምታ ብትነፍጓት ነው።"

"እኛማ እንድንጸልይላት ብለን ነው" አለች የልብስ ሰፊው ሚስት።

"ጸሎት ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ልጄ። የናንተ ወደ ጎረቤት ሄደ።"

ተራ ጠባቂዎቹ ሳቁ። ፀጉር ሠሪዋ ግን አልሳቀችም። በየማለዳው ሱቋን ከመክፈቷ በፊት "ጌታ ሆይ፣ ጥበብ ስጠኝ" ትል ነበር። ጥበብ ለትልልቅ ነገር፣ ቤት ለመግዛት፣ ልጅ ለመዳር የሚያስፈልግ ይመስላት ነበር። አሁን ግን ያቺው ጥበብ ምላሷ ጫፍ ላይ ቆማ እንድትናገር ታስጨንቃታለች። ዝም ብትል ማንም ጣት አይቀስርባትም።

ካስኩን አጠፋችው።

"ወሬውን የጀመርኩት እኔ ነኝ" አለች። "ያየሁት ሰው ሲገባ ብቻ ነው። የቀረውን በግምቴ ሞላሁት።"

ከተራ ጠባቂዎቹ አንዷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሣች። "እኔ ደግሞ ስንቱን ገመናዬን ዘክዝኬልሻለሁ!" ብላ ወጣች።

ፀጉር ሠሪዋ ሽርጧን ፈታች።

"ሂጂ፣ ለቤቱ እኔ አለሁ" አሉ አማቷ። "ስትደርሺ ግን ምክንያት እንዳትደረድሪ።"

ዘማሪዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። እጅጌዋን ሰብስባለች፤ እጇ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል።

"ስላንቺ ያወራሁት እኔ ነኝ" አለች ፀጉር ሠሪዋ ቆማ። "ሐሰት ነው። የነገርኳትን ሴት ቤቷ ሄጄ እነግራታለሁ። ነገም ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ፊት ቆሜ እናገራለሁ።"

ዘማሪዋ ትክ ብላ አየቻት።

"እናቴ ሰምታለች፤ ታውቂያለሽ? 'በኔ እግር ምክንያት ስምሽ ከሚጠፋ ቁስሌ ይሽተት፤ ነርሱ ይቅር' ብላ ለመነችኝ።"

ፀጉር ሠሪዋ መንገድ ላይ ያዘጋጀችውን ቃል ሁሉ ተወችው። "ይቅር በይኝ" ብቻ አለች።

"እሞክራለሁ። ዛሬ ግን ግቢ አልልሽም።" በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ስትመለስ የልብስ ሰፊው ሚስት ፀጉሯ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ወንበሯ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀቻት።

"እህስ? ምን አለችሽ? አለቀሰች?"

የዘማሪዋ እናት ልመና የፀጉር ሠሪዋን ልብ እየበላው ነበር፤ ቢያወጡት ቀለል ይላል።

"የነገረችኝ ለእኔ ነው" አለች፤ እጇንም ታጥባ ከኋላዋ ቆመች። "ይልቅ ራስሽን ቀና አድርጊ፣ ልፍታልሽ።"