የኔዘርዊክ ሽማግሎች

አቶ ወንድሜነህ የልጃቸው እጮኛ እንግሊዛዊ መሆኑን በሰሙ ዕለት ተቆጡ። በማግስቱ ግን ነገሩን በሰከነ መንፈስ ሲመረምሩት፣ እንግሊዛዊ ማለት ያው ባለርስትና ባለግንብ ማለት እንደሆነ ተረዱና ተጽናኑ። ከዚያ ወዲህ በሚኖሩባት የአሜሪካ ከተማ በሲልቨር ስፕሪንግ ስለ አዲሶቹ አማቶቻቸው ያልሰማ ሰው ቢኖር፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም የተወ ሰው ብቻ ነበር። «ኔዘርዊክ የሚባል ጥንታዊ ግዛት አላቸው» ይሉ ነበር፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

ግዛቱን በኮምፒውተር ካርታ ላይ ያዩት ዘግይተው ነው። አንድ ጠመዝማዛ መንገድ፣ በግራና ቀኙ ጥቂት የድንጋይ ቤቶች፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለ አንዳች እፍረት የተገተረ መጠጥ ቤት፤ ከዚያ ወዲያ በቁጥቋጦ አጥር የተሸነሸነ አረንጓዴ መስክ ነው። በመስኩ ላይ ነጭ ነገር ተበትኗል። አቶ ወንድሜነህ አጉልተው ቢያዩት በግ ሆነ። ግንብ ፍለጋ ካርታውን ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ጎተቱት፤ ያገኙት ግን ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ በረት ብቻ ነበር።

«ይኸ የማን ነው?» ሲሉ ልጃቸውን ማኅደርን ጠየቋት።

«የኔድ አባት ነው፣ ዳድ። ብርድ ሲሆን በጎቹ እዚያ ያድራሉ።»

«ጌታ ናቸው አላልሽኝም?»

«እኔ? አንተ ነህ ለሰው ሁሉ ስታወራ የከረምከው!»

ኔድ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ያረጁ ቤቶችን እንጨት የሚጠግን አናጢ ነው። አንድ ቀን ከጣሪያ ወድቆ እጁን ሲሰብር፣ ማኅደር በነርስነት የምትሠራበት ሆስፒታል ገባ፤ እጁ ድኖ ሲወጣ ልቡ እዚያው ቀረ። አቶ ወንድሜነህም ግንቡ በረት ሆኖ መገኘቱን በጨዋ ሰው ትዕግሥት ከዋጡ በኋላ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ባለርስትም ይሁን እረኛ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሽማግሌ ይላክ።»

ኔዘርዊክ መልእክቱን ከሚገባው በላይ አከበረው። መንደሩ በመጠጥ ቤቱ ተሰብስቦ መከረ፤ ሦስት ሰዎችም ተመረጡ። ነገር ግን በጎቹ መውለድ ስለ ጀመሩ አንደኛው ለአዋላጅነት ቀረ። የመጡት የኔድ አባት ሚስተር ሃሮልድና ዶሪን የተባለች የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ነበሩ። ዶሪን የቤተ ክርስቲያኑንም ቁልፍ ስለምትይዝ፣ ቅዳሜ ያሰከረችውን ሕዝብ እሑድ ራሷ በር ከፍታ ታስቀድሳለች።

«ዳድ፣ ፕሊስ» ስትል ማኅደር በዋዜማው ለመነች። «አንዴ ሲጠይቁህ እሺ በላቸው። እነሱ ኖ ከተባሉ ሶሪ ብለው ነው የሚሄዱት።»

«ሥርዓቱ ሦስት ጊዜ ነው!» አሉ አቶ ወንድሜነህ። «ደግሞስ ሁለት መቶ ዓመት ሕንድን አንለቅም ያለ ሕዝብ፣ እኔ አንዴ እምቢ ስላልኩት ይመለሳል?»

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ እንግዶቹ ገቡ። ሚስተር ሃሮልድ ፊታቸው የቀላ፣ መዳፋቸው አካፋ የሚያህል ሰው ናቸው፤ ጫማቸው ቢወለወልም የኔዘርዊክ ጭቃ ከስፌቱ አልወጣም። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ድፍን ዐይብ ታቅፈዋል። ዐይቡን ጠረጴዛ ላይ አኖሩና፣ ኔድ እንዳስጠናቸው፣ ወንበር ሲጋበዙ አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

«ልጄ እጀ ወርቅ ነው» አሉ ሚስተር ሃሮልድ፣ ላብ እያጠመቃቸው። «ሰካራምም አይደለም።»

«የምቀዳው እኔ ስለሆንኩ ምስክር ነኝ» አለች ዶሪን።

በሴቷ ወገን ሽማግሌ የሆኑት የአቶ ወንድሜነህ ጓደኛ፣ አቶ አክሊል፣ ሳቃቸውን በሳል አድበሰበሱ። አቶ ወንድሜነህ ግን ተነሥተው፣ ሳምንቱን ሙሉ ያጠኑትን ንግግር በጥንቃቄ በተመረጠ እንግሊዝኛ አወረዱት። ልጃቸው ገና እንደሆነች፣ ዘመድ መማከር እንዳለበት፣ ነገሩም ለጊዜው የማይሆን በመሆኑ ሌላ ቀን ቢመለሱ እንደሚሻል ገለጡ። በሕይወታቸው እንዲህ ያማረ እምቢታ ተናግረው አያውቁም ነበር።

ሚስተር ሃሮልድ እስከ ጆሯቸው ቀሉ። «እውነት ነው። በጣም ይቅርታ፤ አስቸገርናችሁ» አሉ። እጅ ነሡ፤ ዶሪንም እጅ ነሣች። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ።

«ወዴት ናቸው?» አሉ አቶ አክሊል።

«ለምክክር ነው። አሁን ይመለሳሉ።»

አቶ አክሊል መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ። የእንግዶቹ መኪና ከመንገዱ ማዶ ታጥፋ ተሰወረች። «ሲማከሩ ራቅ ይላሉ ማለት ነው» አሉ።

የማኅደር እናት ወይዘሮ የሺሀረግ ለእንግዶቹ የሠሩትን ዶሮ ወጥ ይዘው ከማድ ቤት ብቅ ሲሉ ሳሎኑ ባዶ ነው። «ጉድ! ዐይቡን እንኳ ይዘውት ሄዱ!»

ማኅደር ከጓዳ ወጣች። አላለቀሰችም፤ አባቷን ያስፈራቸው ይኸው ነው። «ነገ ይሄዳሉ። በጎቹ እየወለዱ ነው፤ ሌላ ቀን የሚባል የለም» አለች። የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች። «እኔ ኔድን አገባዋለሁ፣ ዳድ። ያለ ሽማግሌም አገባዋለሁ፤ ያለ አንተም።»

በሩን ከኋላዋ ዘግታ ወጣች። ለአቶ ወንድሜነህ አንድ ነገር ግልጽ ሆነላቸው፤ ልጃቸውን የሚያስቀርላቸው ሥርዓት አልነበራቸውም።

በማግስቱ ማለዳ አቶ አክሊል እየነዱ፣ አቶ ወንድሜነህ ካባቸውን ደርበው፣ የፖቶማክን ድልድይ ተሻገሩ።

«እኔ ምልህ» አሉ አቶ አክሊል፣ «የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ሆኖ ወንድ ልጅ ሲለምን ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አንተ ዝም ብለህ ንዳ።»

በኔድ ቤት ሻንጣዎቹ ታስረው በር ላይ ተደርድረዋል። ሚስተር ሃሮልድ ወንበር አቀረቡ። ማኅደር ከኔድ ጎን ቆማ አባቷን ታያለች።

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ወንድሜነህ። «ልጅዎን ለልጄ ልለምን ነው የመጣሁት።»

ሚስተር ሃሮልድ አገጫቸውን አሻሹ። ሌሊቱን ማኅደር ሥርዓቱን አንድ በአንድ አስረድታቸው ነበርና፣ ፊታቸውን እንደ ዳኛ አጠቆሩ። «ልመናው መልካም ነው፤ ግን ልጁ ገና ነው። ቄሱን መማከር አለብን፤ ያጥር ጎረቤቴንም፣ ባያናግረኝም። በጎቹም አሉ። ግንቦት ላይ ኔዘርዊክ ብቅ ይበሉ። ቦት ጫማ አይርሱ፤ ጭቃ ነው።»

አቶ አክሊል ወደ ጓደኛቸው ጆሮ ጠጋ አሉ። «ሦስት ጊዜ ነው ብለህ የለ? ሁለት ቀረህ።»

አቶ ወንድሜነህ ንቅንቅ አላሉም። «እንደ እናንተ አልሄድም። ለምን ሄዳችሁ?»

«በእኛ መንደር» አሉ ሚስተር ሃሮልድ፣ አሁን ቀልዱን ትተው፣ «ሰው በጉን አልሸጥም ካለ ሁለተኛ አይጠየቅም። መድገም ስድብ ነው።»

«በእኛ ዘንድ ደግሞ አለመድገሙ ነው ስድቡ።»

ሁለቱ ባላገሮች ተያዩ። አንደኛው ካባ ቢደርብም ባላገርነቱ አልተደበቀም።

«እንግዲያው ይቀመጡ።»

«ቃሉ ይቅደም።»

«ቃሉንማ ትናንት አምጥተንልዎት ነበር» አሉ ሚስተር ሃሮልድ። «ያልተቀበሉን እርስዎ ነዎት። ዶሪን፣ እስቲ ዐይቡን አምጪው።»

ማኅደር ሳቀች፤ ከዚያ ዘግይቶ የመጣ ዕንባዋን በአባቷ ካባ ጠረገች። አቶ ወንድሜነህም ዐይቡን ታቅፈው በመጨረሻ ተቀመጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አንድ ነገር ፈላጊ ሰው በምእመናን ፊት «አቶ ወንድሜነህ፣ የአማቶችዎ ግንብ እንዴት ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«ግንብ ምን ይሠራል?» አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «አብዛኞቹ በጎች መንታ ወልደዋል።»