የምትንጣጣው ብስክሌት

ሃርላንን የጠረጠርኩት ርካሿን ብስክሌት ሲያሞግስ ነው።

ሻጭ የሚያሞግሰው ውዱን ነው። ርካሹን የሚያሞግስ ሻጭ ወይ እብድ ነው፣ ወይ ሊገላገለው የፈለገው ነገር አለ። ሃርላን ደግሞ እብድ አይደለም።

ነገሩ የልጄ የማትሮና ጉዳይ ነበር። ማትሮና የመንደራችን ጤና ረዳት ናት። ክሊኒኩ በእኛ በኩል ነው፤ ከበሽተኞቿ ብዙዎቹ ግን ከኩስኮክዊም ወንዝ ማዶና ቁልቁል በወንዙ ዳር ተበታትነው ይኖራሉ። ወንዙ በረዶ ሆኖ ከረጋ በኋላ መንገዳችን እሱ ራሱ ነው። ባሏ ኢሳይ ካቻምና በበረዶ ሞተሩ ሲሻገር በረዶው ከሥሩ ከዳው። ሞተር ከባድ ነው። አስከሬኑን ያገኘነው የወንዙ በረዶ ሲፈታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማትሮና ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም። በእግሯ ትሄዳለች። በታኅሣሥ ግን ፀሐይ ብቅ ብላ ሳታሞቅ ነው የምትገባው፤ በእግር ለሚሄድ ሰው ቀኑ አይበቃም። ሲመሽባት መስኮቱ ላይ ቆሜ ወንዙን አያለሁ። ሌላ ሥራ መሥራት አልችልም።

ስለዚህ ወፍራም ጎማ ያለው ብስክሌት ያስፈልጋት ነበር። ጎማው የሰው ጭን ያህላል። አየሩን ቀነስ ሲያደርጉለት በረዶው ላይ እንደ ጥንቸል እግር ይዘረጋል፤ አይሰምጥም። ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ ሆነው የሞተሩን እሩብ አይመዝኑም።

ብስክሌት ያለው ሃርላን ዘንድ ነው። የእንግዳ ማረፊያው የእሱ ነው። በየዓመቱ በብስክሌት የሚወዳደሩ ሰዎች ከሩቅ መጥተው በወንዙ ላይ ያልፋሉ። ጣቱን ብርድ የበላው፣ ጉልበቱ የከዳው እሱ ቤት ይቀርና በትንሿ አውሮፕላን ይመለሳል፤ ብስክሌቱን ለሃርላን ጥሎለት ይሄዳል። ሃርላን ወጣት ሆኖ ነው የመጣው፤ አሁን ጢሙን ሽበት ጀምሮታል። ሚስቱ ብርዱን አልቻለችውምና ጥላው ሄዳለች። ዓሣችንን ይበላል። የቤተ ክርስቲያናችንን ደረጃ እሑድ እሑድ በማለዳ ከበረዶ ይጠርጋል፤ ውስጥ ግን ገብቶ አያውቅም። የማይገባበትን ቤት ደጅ ሰው ለምን ይጠርጋል? ይህንንም አስቤበት ነበር።

ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት ከሞክሲ ጋር እንፋሎት ቤት ገብተን ነገሩን አነሳሁለት። ሞክሲ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ከሃርላን አሮጌ ሞተር ገዝቶ ወር ሳይሞላው ሞቶበታል። ሃርላን የሞተው የተሳሳተ ዘይት ስላጠጣኸው ነው ብሎታል፤ ሞክሲ ደግሞ ጥፋቱን አዞረብኝ ይላል።

“ከዚያ ሰው ሳይክል ልትገዛ?” አለኝ፣ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ እየደፋ። “ጎማዎቹን ቁጠር። ሁለት መሆናቸውን እይ።”

የሄድን ቀን ንፋሱ ከደቡብ ነበር። ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። ሃርላን ሁለቱን ብስክሌቶች የእንጨት ማከማቻው ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጠበቀን። አንዱ ጥቁር ነው፤ ጭረት የለበትም። ሌላዋ አረንጓዴ ናት፤ ቀለሟ ተላልጧል፤ ከኋላ ጎማዋ ጥርሶች አንዱ ተገንጥሏል። ኮርቻዋም ዝቅ ብላለች። ሃርላን በር ሲገባ የሚያጎነብስ ሰው ነው። ዝገት ይዟት አልወጣ ብላው ይሆናል አልኩ በልቤ።

የአረንጓዴዋን የኋላ ጎማ ከመሬት አንስቼ አሽከረከርኩት። ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ተንጣጣ፤ እሳት እንደገባ ደረቅ ጥድ። የጥቁሩን አሽከረከርኩት። ዝም። ጎማው መሃል ያለው ሞዞ ዙሪያ የግራሶ ቅባቱ ወፍሮ ይታያል። በደንብ የተያዘ ዕቃ ነው።

እኔ በልጅነቴ የነዳሁት ውሻ ነው፣ ከዚያ ሞተር። ብስክሌት አላውቅም። ብረት ግን አውቃለሁ። የሚጮኽ ብረት ግራሶ ያጣ ብረት ነው።

“አፓ፣ እኔን ከሰሙኝ አረንጓዴዋን ይውሰዱ” አለ ሃርላን። እዚህ ሽማግሌን ሁሉ አፓ ይለዋል ሰው፤ እሱም ለምዶታል።

“ርካሿን?”

“ርካሿን።”

“ለምን?”

“ድምፁ እኮ…”

“ድምፁን ሰምቻለሁ።”

ማትሮናን አየት አደረጋትና ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ። ዓይኑን የሚሰብር ሻጭ ዕቃው ተሰብሯል። ሽንት ቤት እንደሚፈልግ ሰው ሆኜ በማከማቻው ጀርባ ዞርኩ። እዚያ በረዶው ላይ የወፍራም ጎማ ዱካ አገኘሁ፤ ወደ ወንዙ የሚሄድ፣ ከወንዙ የሚመለስ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ። አንዳንዱ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አንድ ጥርስ ይጎድለዋል። እንግዲህ በየቀኑ ይነዳት ነበር ማለት ነው። ነድቶ ነድቶ ጨርሷታል፤ አሁን ለልጄ ሊሰጣት ነው። ጥቁሩን ለራሱ ሊያስቀር።

ስመለስ ማትሮና አረንጓዴዋ ላይ ተቀምጣለች።

“አባዬ፣ ይቺ ደስ ብላኛለች። እግሬ መሬት ይደርሳል።”

“እግርሽ መሬት እንዲደርስ ከሆነ ሳይክሉ ምን ያደርግልሻል?”

ወረደች። ጥቁሩን መረጥኩ። ዋጋውን በቀበሮ ቆዳ ተስማማን፤ ሃርላን አልተከራከረም። አለመከራከሩም አልጣመኝም። ቆዳዎቹን እንኳ ገልብጦ አላያቸውም። ብስክሌቱን ይዤ ስነሳ ግን መንገድ ላይ ቆመ።

“እሺ ይሁን። ሞዞውን ግን ለአንድ ቀን ይተዉልኝ። ልፍታውና…”

“የገዛሁትን ዕቃ አንተ አትፈታውም።”

ፈትቶ የውስጡን ብረት ሊለውጥብኝ መሆኑ ታይቶኛል። እያየሁት ዘወር አለልኝ።

 ቤታችን ስንደርስ ማትሮና፣ “አባዬ፣ ሰው ሁሉ አንተን ሊሰርቅ ነው የሚያድረው?” አለችኝ።

“ሁሉም አይደለም። አንዳንዱ እንቅልፍ ይወስደዋል።”

የደቡቡ ንፋስ እስኪያባራ ብስክሌቱ እንደ ዓሣ ሄደላት። ኮርቻውን ዝቅ አድርጌ አሰርኩላት። ማዶ ደርሳ ሳይመሽ ትመለስ ጀመር። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁባት፤ ኋላ መድኃኒታቸውን በጊዜ ሲያገኙ ተዉ። እኔም መስኮቱን ትቼ መረቤን መጠገን ቻልኩ። ሞክሲ ሲያገኘኝ፣ “ጎማዎቹ ሁለት ናቸው?” አለኝ። ሁለት ናቸው አልኩት። ኮርቼ ነበር።

ከዚያ ንፋሱ ዞረ። ሰማዩ ጠራ፤ የየቤቱ ጭስ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመ። የተተፋ ምራቅ መሬት ሳይደርስ የሚረጋበት ብርድ መጣ። በዚያ ማለዳ ማትሮና ወንዙን ተከትላ ቁልቁል ወደ አሮጊቷ ኦሊንካ ሄደች። ኦሊንካ በወንዙ ሦስተኛ መታጠፊያ ላይ ብቻዋን ትኖራለች፤ ደረቷን ታማለች። ማትሮና ፀሐይ የጥዶቹን ጫፍ ስትነካ እመለሳለሁ ብላ ነበር።

ፀሐይ የጥዶቹን ጫፍ ነካች። ከጥዶቹ ኋላ ገባች። በሬዲዮው ኦሊንካን ጠራኋት። ማትሮና ከወጣች ቆይታለች አለችኝ፤ ምነው አልደረሰችም እንዴ?

ሞተር አለኝ። ነገር ግን የደቡቡ ንፋስ ወንዙን አበላሽቶት ነበር፤ ከበረዶው ሥር ውሃ ወጥቶ ተኝቷል፤ ከባድ ነገር ይዞ የሚገባ ኢሳይን ተከትሎ ይሄዳል። በእግሬ ልወጣ ተነሳሁ። ተኩላ ሲርበው ወንዙን ነውና የሚይዘው፣ ጠመንጃዬን ላነሳ እጄን ዘረጋሁ።

ጠመንጃ የሚሰቀለው በቀዝቃዛው መግቢያ ነው፤ ሙቅ ቤት አይገባም። ከገባ ያልበዋል፣ ላቡም ሲወጣ ይረጋል። ብርዱ ሲጀምር ደግሞ ዘይቱን በጨርቅ ጠርገን እናደርቀዋለን። ዘይት በብርድ ሙጫ ይሆናል፤ መርፌውን ይይዘዋል፤ አውሬው ፊትህ ቆሞ ጠመንጃህ ዝም ይላል። ይህን እዚህ ሕፃን ያውቀዋል።

እንደ ልማዴ መቀርቀሪያውን ከፍቼ ዘጋሁት። ቀጭ አለ። ደረቅ፣ ጥርት ያለ ድምፅ።

እጄ መቀርቀሪያው ላይ ቀረ። ያንን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። እሳት እንደገባ ጥድ ያልኩት እሱን ነው። አረንጓዴዋ ግራሶ አጥታ አልነበረም የምትንጣጣው፤ ሰው ለብርድ ብሎ አድርቋት ነው። ዝም ያለው ጥቁሩ ነው የታመመው፤ ግራሶው በብርድ ሙጫ ሆኖ የሞዞውን የውስጥ ብረት ይይዘዋል። ጠመንጃዬን አድርቄ፣ ልጄን ግራሶ ላይ አስቀምጬ ሰደድኳት።

ወደ ሃርላን ሮጥኩ፤ በእኔ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ። አረንጓዴዋን ልለምነው ነበር። ሰው ለምኜ አላውቅም። ምድጃው ይጨሳል፣ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ከማከማቻው ግድግዳ ላይ ብስክሌቷ የለችም። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ክፉ ነበር፤ ጥቁሩ እንደሚከዳት አውቆ ሸሸ አልኩ። ወዴት ይሸሻል? ያለን መንገድ ወንዙ ነው። ወርጄ አየሁ። አንድ ጥርስ የጎደለው ዱካ በማትሮና ዱካ ጎን ለጎን ቁልቁል ሄዷል። ውሃ የተኛበት ቦታ ሲደርስ ዞር ብሎ አልፏል፤ ቦታውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነድቶታል።

ዱካውን ይዤ ሄድኩ። ብርሃኑ ሰማያዊ ሆኗል። ከመጀመሪያው መታጠፊያ ትንሽ እንዳለፍኩ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆምኩ። በእንዲህ ያለ ብርድ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ከዚያ ዝም። እንደገና ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

ከመታጠፊያው ብቅ አሉ። ማትሮና አረንጓዴዋ ላይ ናት። ትንሽ ትረግጥና ትተወዋለች፤ ጎማው እየተንጣጣ ይንሸራተታል፤ ከዚያ እግሯን መሬት አድርጋ ትጠብቃለች። ሃርላን ከኋላ ጥቁሩን እየገፋ በእግሩ ይመጣል። ጥቁሩ ድምፅ የለውም።

ሽፋሽፍቷ በአመዳይ ነጭቷል። እግሯ ላይ ያለው ጫማ የእሷ አይደለም፤ የሃርላን ትልልቅ ጫማዎች ናቸው። እሱ እግሩን በሱፍና በሸራ ጠቅልሏል።

“ጣቶችሽ?” አልኳት።

“ይሰሙኛል። ፔዳሉ ባዶውን ዞረብኝ፣ አባዬ። እረግጣለሁ፣ ጎማው ግን አያውቀኝም። ስገፋ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ጫማዬ እግሬ ላይ ሳለ ነው የረጋው። እሱ ባይደርስ…”

አልጨረሰችውም። እንድትጨርሰውም አልፈለግሁም።

ሃርላን ነግሬህ ነበር አላለም። አፈር ያድርገኝና ይህም አጠራጠረኝ። ነግሬህ ነበር የማይል ሰው ሌላ የሚፈልገው ነገር አለ። አረንጓዴዋን አየኋት። ማትሮና ተቀምጣባት እግሯ በረዶው ላይ ሙሉ በሙሉ አርፏል። ሃርላን እስከዚህ ድረስ ጉልበቱን ከአገጩ እያጋጨ ነድቷት ኖሯል። ጎንበስ ብዬ የኮርቻዋን ማሰሪያ ዳሰስኩ። የቆየ አመዳይ ተጋግሮበታል። ዛሬ ማንም አልነካውም፤ ትናንትም። ዝገትም የለበትም።

“ሃርላን።”

“አቤት፣ አፓ።”

“ኮርቻዋን መቼ ነው ያወረድካት?”

ትንፋሹ ከአፉ ወጥቶ ቆመ። ማትሮና ሻርፏን ወደ ዓይኗ ሳበችው።

“በኅዳር” አለ።

“እኛ የመጣነው በታኅሣሥ ነው።”

“አዎ።”

“ጠዋት ጠዋት እዚህ ወንዝ ላይ ምን ትሠራ ነበር?”

“በረዶውን አይ ነበር። ውሃ የተኛበትን። በየት በኩል ማለፍ እንዳለባት።”

“የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃስ?”

አንገቱን ደፋ። ብስክሌቱን የገዛን ቀንም እንዲህ ነው የደፋው።

“እንዳትወድቅ ብዬ።”

የደበቀው ነገር እንዳለ አውቄ ነበር። የት እንደደበቀው ነው የሳትኩት። ጥቁሩን ከእጁ ወስጄ እኔ ገፋሁት፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ወደ ቤት አቀናን። አረንጓዴዋ ከፊታችን ትንጣጣለች።

ደጄ ስንደርስ ሁለቱን ብስክሌቶች ውጭ አስደገፍን። ጠመንጃዬን መግቢያው ላይ ሰቀልኩ። ማትሮና የእሱን ጫማ አውልቃ ልትመልስለት ወደ ምድጃው ሮጣ ገባች። ሃርላን በሩ ላይ ቆመ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንደሚያደርገው። ነገ ጥቁሩን እፈታዋለሁ፣ ፈቃድዎ ከሆነ፣ አለኝ። እኔ እያየሁህ ትፈታዋለህ አልኩት። አሁንም ቆሞ ነበር።

“ግባ እንጂ” አልኩት። “ጠመንጃ አይደለህም።”

አጎንብሶ ገባ። ማትሮና ሻይ ቀዳችለት፤ ደረቅ ዓሣም አቀረብኩለት። እጁን ማየት ከምችልበት፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።