ለገላው የተረፈችው ዐረፍተ ነገር

ገላው ልምምድን ከኋለኛው ረድፍ ሆኖ ማየት ከጀመረ ወዲህ የሚደክመው ወገቡ ብቻ አልነበረም፤ ጆሮውም ይደክም ነበር።

አሶሳ ውስጥ የሙከራ ቴአትር የሚባል ነገር ካለ መሥራቹ እርሱ ነው። ከወሎ በሰፈራ መጥቶ አስተማሪ የሆነው ያ ጎረምሳ መጋረጃውን አስወግዶ፣ ተመልካቹን መድረክ ላይ አስቀምጦ፣ ተዋንያኑን በወንበሮቹ መካከል ሲያንከራትት ታላላቆቹ «ያበደው» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ያንን ስም ዛሬም እንደ ሽልማት ይቆጥረዋል። ጡረታ ሲወጣ በቡድኑ መሪነት በእግሩ የተተካችው ኢቲዳል ግን እብደት የሚባል የላትም። የረጋች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ ሰው ሲያናግራት እስከ መጨረሻው የምታዳምጥ የበርታ ልጅ ናት። ገላውን የቸገረውም ይኸው ነው። ከእብድ ጋር መከራከር ያውቅበታል፤ ከትሑት ጋር መከራከር ግን አልለመደም።

የመጨረሻ ድርሰቱን ልትሠራለት ስትጠይቀው ደስ ብሎት ነበር። ድርሰቱ ቤቱን ለልጆቹ ትቶ ስለሚሄድ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ብቻውን ቆሞ የሚያሰማው ረጅም ንግግር አለበት፤ ገላው ሌላውን ሁሉ የጻፈው ለዚያ ንግግር ሲል ነው። ሳይሞት በገዛ አንደበቱ ሊያሰማው ቆርጦ ነበር።

ኢቲዳል ከንግግሩ የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር ብቻ አስቀርታ ሌላውን አወጣችው።

ምክንያቷንም በአክብሮት አስረዳችው። በአያቶቿ አገር በመንጌ ዙምባራ የሚባለው መለከት በኅብረት ሲነፋ ዜማውን ጠቅልሎ የሚይዝ ሰው የለም። እያንዳንዱ ነፊ ያለችው አንዲት ድምፅ ናት፤ ተራው ሲደርስ ያችኑ ነፍቶ ለሚቀጥለው ይለቃል። ይህም ቴአትር እንደዚያ ይሁን አለች። ለእያንዳንዱ ተዋናይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ትድረሰው፤ ባለተራው ጨርሶ እስኪለቅ ድረስም ማንም አይግባ።

ገላው ሐሳቡን ክፉ ነው አላለም፤ ስስ ነው አለ በልቡ። እኛ ደንብ ያፈረስነው ደንቡን ጠንቅቀን ተምረን ነው ሊላት ከጀለና፣ ታላላቆቹ ለእርሱ ይህንኑ ይሉት እንደነበር ትዝ ሲለው አፉን ያዘ።

«እንግዲህ የእኔ አንዷ ብቻ ናት ማለት ነው?» አላት።

«አዎ ጋሼ። ‹ይህን ቤት ለማን ልተወው?› የምትለዋ።»

መብራትም የሚያስተካክለው ተዋናይ ነብዩ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ «ለእኔ ሁለት ቃል ነው የደረሰኝ፤ ጋሼ አራት ይዘው ያማርራሉ። የሀብታም ነገር!» አለ። ሁሉም ሳቁ። ገላውም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከከንፈሩ አላለፈም።

ትዕይንቱ የቀረበው ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ደብድቦ ካባራ በኋላ ነው። ተራው እስኪደርስ ድረስ ገላው እንደ ሌሎቹ ቆመ። ደረሰና «ይህን ቤት ለማን ልተወው?» አለ። ቀጣይዋ ከባምባሲ የመጣችው አዲሷ ተዋናይ ቃናኒ ነበረች። አፏን ከፈተች፤ ገላው ግን አልለቀቀላትም። ጥያቄውን ራሱ መለሰ፤ ከመልሱም ወደሚቀጥለው ሐሳብ ተሻገረ፤ የተሰረዘውን ሁሉ ቃል በቃል ያወርደው ጀመር።

ቃናኒ የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋች። ሌሎቹም ባሉበት ረጉ። ሊያቋርጡት አይችሉም፤ ሕጋቸው አይፈቅድም። ገላው ይህንን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ አውቆም ትሕትናቸውን መድረክ አድርጎ ቆመበት።

ጥሩ ተናገረ። ድምፁም ትንፋሹም አልከዱትም። ሲጨርስ አንገቱን ደፋ፤ ተመልካቹም ቴአትሩ ያለቀ መስሎት ተነሥቶ አጨበጨበ። ከፊት የተቀመጡት የቢሮ ሰዎች እየመጡ ጨበጡት። ወንበሮች ተንኳኩ፤ ሕዝቡ ወጣ። ከገላው በኋላ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት ወጣቶች ግን ቦታቸውን ሳይለቁ፣ ቃላቸውን ሳይተነፍሱ ቆመው ቀሩ።

ገላው ቁጣ ጠበቀ። ለቁጣ የሚሆን መልስ ከቤቱ ሰንቆ መጥቶ ነበር። የተቆጣ ግን አልነበረም። ነብዩ ሳይቀልድ መብራቱን አጠፋፋ። ቃናኒ ወንበር ትሰበስብ ጀመር። ኢቲዳል መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አማረልዎ ጋሼ» አለችው። ሽሙጥ አልነበረበትም።

«ታዲያ ምነው ሁላችሁም ዝም አላችሁኝ?»

«አሁን ይለቁልናል እያልን ስንጠብቅ ነበር።»

ገላው ለመሄድ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። «ለነገ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ታስገቢያለሽ?»

«ለምን? ቃሉ የእርስዎ ነው። ነገም ተራዎ ሲደርስ እንጠብቅዎታለን።»

ወደ ቤቱ ሲያዘግም ጭቃው ጫማውን ይጎትተው ነበር። ቢያባርሩት ኖሮ እንደ ተገፋ ሰው ቀና ብሎ ይሄድ ነበር፤ ለመገፋትማ ከወጣትነቱ ጀምሮ የተሰናዳ ነው። ሊጠብቁት ተስማሙ እንጂ አልገፉትም፤ መጠበቅ ደግሞ ለተጠባቂው ከስድብ ይከብዳል። ዓመታት ሲያብሰለስለው የኖረውን ንግግር ለራሱ ሊደግመው ሞከረ። ሊደግመው የሚያጓጓ አንድም ስፍራ አጣበት።

በማግስቱ አዳራሹ እኩሌታው ባዶ ነበር። ተራው ደረሰ። «ይህን ቤት ለማን ልተወው?» አለ። የቀረው ንግግር በሙሉ ምላሱ ላይ ነበር፤ መልሱ ራሱ ሊወጣ ሲገፋው ጥርሱን ገጠመበት። ቃናኒ አየት አደረገችው፤ እውነት መልቀቁን ለማረጋገጥ ይመስላል። ከዚያ፦

«በሩን ከውጭ የሚያንኳኳ አለ» አለች።

የዐረፍተ ነገሯን መጨረሻ ግን ዋጠችው። ገላው በመሪነቱ ዘመን ቢሆን አስቁሞ ያስደግማት ነበር። ከእርሷ ቀጥሎ ያለው ተቀበላት፤ ሌላውም ተከተለ። ቴአትሩ ስስ ነው የሚለው እምነቱ አልተለወጠም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ቦታ ያሳፍር ነበር። ሆኖም ከተመልካቹም ከተዋንያኑም ወደ እርሱ የሚመለከት አልነበረም፤ ዝምታው ምን ያህል እንደከበደው ያወቀለትም የለም። እጆቹን አጣምሮ፣ የሁሉም ተራ እስኪያልቅ ቆመ።